ሽማግሌዎቹ ዘራችንን የጠየቁ ቀን

በእኛ አገር ለጋብቻ የሚመጣ ሽማግሌ ከልጅቷ ይልቅ ዘሯን ነው የሚያጠናው። እኔ መምህርት ነኝ፤ ትምህርቴንም ጠባዬንም ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም። ከሲሬ ነቀምቴ ድረስ የመጡት ሽማግሌዎች ሊያውቁ የፈለጉት በቤታችን የሚጥል በሽታ ወይም እብደት መኖር አለመኖሩን ነበር።

እብደት የሚሉት ደግሞ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር፣ መምህራኑ ሊገድሉኝ ነው አለ፣ ትምህርቱን ጥሎ መጣ። ታክሞ ተሻለው። መድኃኒቱን እየዋጠ ከአባቴ ጋር በቆሎ መጋዘን ይውላል።

ሐኪሙን ስለ ዘር ጠይቄው ነበር። «በደም የሚወረስ ነገር አለው» አለኝ። «ግን ብዙ ትንንሽ ነገር ተደማምሮ ነው፤ ጭንቀትም ጫትም ይጨመርበታል። የታማሚ እህት ስጋቷ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም አብዛኞቹ ሳይታመሙ ይኖራሉ።» ደግ ሰው ነው። እኔ ግን «ከፍ ይላል» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ ብረሳ እንኳ ጀመረኝ እላለሁ።

አባቴ ወንድሜን ከጓዳ እንዳይወጣ አስጠንቅቆት ነበር። እንግዳን እጅ የሚያስታጥበው ግን የቤቱ ወንድ ልጅ ነው፤ ምግብ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያውን ይዞ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ገባ።

«አከም ጂርተ፣ ጉርባ ኮ?» ልጄ እንዴት ነህ አሉት ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን እየዘረጉ።

«ፈያ» አለ፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው።

ሰውዬው ወደ አባቴ ዞሩ። «ኦቦ፣ ሰኚያችሁ ንጹህ ነው? ከጤና በኩል ልንሰማው የሚገባ ነገር ይኖራል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዘራችን ንጹህ ነው።»

ወንድሜ ውሃውን ማፍሰስ አቆመ። «አባዬ፣ ሰው አናታልል» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ታምሜ ነበር፣ አባቶቼ። አሁን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ደህና ነኝ። እሷ ምንም የለባትም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ያልደበቀውስ ምን አለው? ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጸለዩ፣ መረቁን፣ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። አልተመለሱም። ሊያገባኝ የነበረው ሰው ባጃጅ አቁሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። «ለእኔስ ምንም አይደለም፤ ልጆቻችን ግን...» አለ። ልሰድበው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ብቻዬን ስሆን እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ዋጥኩት። በጣም እወደው ነበር።

የዚያን ዕለት ቤት ስገባ ጋብቻው መፍረሱን ከእንባዬ አወቁ። አባቴ «ቤቴን ዘጋህብኝ!» ብሎ ወንድሜ ላይ ጮኸ። እናቴ ተነሥታ መሃላቸው ቆመች።

«ተወው» አለችው። «እኔንስ ለአንተ የዳሩኝ እንዴት ይመስልሃል? ያንተ ሽማግሌዎች አኖ ከተማ ወላጆቼ ቤት ሲመጡ፣ እንደዚህ የታመመ ወንድሜ ከጀርባ ክፍል ታስሮ ነበር። እንዳይጮህ አፉን በጨርቅ ጠፍረውት ነበር። በወባ ሞተ ያልንህ እሱ ነው።»

አባቴ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ዘመን አላወቀም ነበር። እኔ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን የአጎቴን አፍ አሰብኩ።

«እሱ መናገር ቢችል ኖሮ እኛ አንወለድም ነበር» አለ ወንድሜ። «ይሻል ነበር።»

ማናችንም አይሻልም አላልነውም።