የመጀመሪያውን ቋጠሮ መሰረዝ

ያን ክረምት ዘመሮ በምትባለው የደጋ አገራችን እናቴ ቤት የገባሁት በአንድ ትምህርት ወድቄ ነው። መስከረም ላይ ድጋሚ እፈተናለሁ፤ እሱንም ከወደቅሁ ከዩኒቨርሲቲ እባረራለሁ። የተባረረ ጎረምሳ ሲያገኝ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ሌላ ሰው አይፈልግም። ከዚህ በቀር የማስበው ነገር አልነበረኝም።

የጣለኝ ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚጻፍ፣ መረጃ በተርታ የሚያያዝበት ባለሁለት አቅጣጫ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ቋጠሮ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቋጠሮዎች አድራሻ ይይዛል። አንዱን ለመሰረዝ የፊተኛውንና የኋለኛውን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ ከመሃል ስሰርዝ ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ስሰርዝ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። ኮምፒዩተር በሌለበት አገር በእርሳስ ስጽፍ ስፍቅ ወረቀቱ ተበሳ። እናቴ ግን ስለ ውትድርናው አንድም ቀን ትንፍሽ አላለች። ነገሩ አልገባትም ብዬ ውስጥ ውስጡን እናደድባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ጉም ወረደብን። በእኛ አገር ጉም ሲወርድ ሰው ገደል እንዳይገባ ተከታትሎ ነው የሚሄደው፤ ሁሉም ከፊቱና ከኋላው ያለውን እየተጣራ። ወደ ቤቱ የሚታጠፍ ሰው ለሁለቱም ሳይናገር አይወጣም። ልቤ ወረቀቱ ላይ ስለነበር ስጠራ አልሰማም፤ ከኋላዬ ያሉት ተቆጡኝ። ፊት የሚመሩን ጎረቤታችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀጥላ እናቴ፣ ከዚያ እኔ። ሽማግሌው ደጃቸው ሲደርሱ ወደ እናቴ ዞሩ።

«በይ እንግዲህ፣ ከዚህ ወዲያ ፊት አንቺ ነሽ» ብለዋት ታጠፉ።

ክው አልኩ። እሳቸው ከፊታቸው የሚሰናበቱት ሰው ስለሌለ ለኋለኛው ብቻ ነግረው ሄዱ። የእኔ ፕሮግራም ግን ከፊት ሰው መኖሩን ሳይጠይቅ የሌለውን ሊያናግር ይሄዳል፤ የሚቀጥለውንም መሪ አያደርግም። እርሳስ አልያዝኩ፤ እንዳይጠፋብኝ እያልኩ እናቴን ከኋላ መግፋት ጀመርኩ። ምን ሆነህ ነው አለችኝ። የጣለኝን ነገር አገኘሁት አልኳት።

«እንግዲያ አይወስዱህም?»

ፈተናው ገና ነው። ግን ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና «አይወስዱኝም» አልኳት።

መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለካ ክረምቱን ሙሉ ስትፈራ ነው የከረመችው። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከኋላ ያሉት ጉሙ ውስጥ ሆነው ደጋግመው ተጣሩ። ሁለታችንም አልመለስንላቸውም።