በእርጥብ ጣት የተጻፈ ትምህርት

ቅዳሜ ጠዋት ነቀምቴ አጠገብ ጉቴ ባለው ቤቴ ውስጥ ስምንት ልጆች ሰብስቤ ከድሮው የንባብ መጽሐፍ ሳስተምር ፖሊሶች ያዙኝ። ፈቃድ የሌለው ስብሰባ ነው አሉ። ነቀምቴ ስንደርስ መጽሐፉን ለማስረጃ ብለው ወሰዱት፣ እኔን ሴቶች ክፍል አስገቡኝ።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። አራት ሴቶች ነበርን። አንዷ የታሰረችው የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ነው። መጽሐፉን በቃሌ ስለማውቀው፣ ጣቴን ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ለልጅቷ ወለሉ ላይ እጽፍላት ጀመር። ቶሎ ካላነበበችው ይደርቃል።

«ፍጠኚ እንጂ፣ ትምህርትሽ አለቀ» እያሉ ሴቶቹ ይስቁባታል።

እኔ ዘንድ ንባብ ሲያልቅ ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ «እኔ ብሆን» ብሎ በታሪኩ ሰው ቦታ ቢሆን የሚያደርገውን መናገር አለበት። መጽሐፍ ስላልነበረን እሷ መዳፎቿን እንደሚዘጋ መጽሐፍ ትገጥም ነበር።

በአምስተኛው ቀን የምትቆጥረን ፖሊስ እስክሪብቶ ወደቀባት። እግሬን ጫንኩበት፤ ኋላም ምንጣፌ ሥር ደበቅኩት። ሲሬ የምትኖረው እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም። ብጣሽ ወረቀት ጽፌ በሚፈታ ሰው ልልክላት ነው።

በማግስቱ ፖሊሷ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «እስክሪብቶው ካልተገኘ የምቀጣው እኔ ነኝ» አለች። እኔ ምንጣፌ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

የዚያን ቀን ተራው የደረሰው ንባብ፣ መንገድ ላይ ደብተር አግኝታ ለባለቤቱ ስለመለሰች ልጅ ነበር። ልዘለው አስቤ አፈርኩ። ተማሪዬ አንብባ ጨረሰችና መዳፎቿን ገጠመች።

«እኔ ብሆን እመልሳለሁ።» ከዚያ ምንጣፌን አየት አድርጋ፣ «ባርሲስቱ፣ ትልቅ ሰውም ይመልሳል?» አለችኝ። በኦሮምኛ መምህርቴ ማለቷ ነው።

«ዝም በይ፣ ልጄ፣ ኢንታላ ኮ» አለቻት እናቷ።

«ተያት፣ ልክ ጠየቀች» አልኩ።

አጭር ጸሎት አደረስኩ። ፖሊሷ ለቆጠራ ስትመጣ ተነሥቼ እስክሪብቶውን በሁለት እጄ ሰጠኋት።

«የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ለእናቴ ልጽፍበት።»

ኪሷ ከተተችው። «አስተማሪ ናት ብለውኝ ነበር» አለች።

«ነኝ» አልኳት።

እናቴ ያገኘችኝ ከወር በኋላ ነው። ስፈታም መጽሐፉን አልመለሱልኝም።

ዛሬ በረዶ በማይጠፋበት ሰው አገር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የወገኖቼን ልጆች አስተምራለሁ። ጎበዝ ተማሪሽ ማን ነበር ሲሉኝ፣ መጽሐፍ በእጇ ሳትይዝ ያነበበችውን ልጅ እነግራቸዋለሁ። ያን ቀን ማን ማንን እንዳስተማረም አልደብቃቸውም።