ለስንዴ ነው ያልኩት ዱቄት

የመጀመሪያዋን ትኋን ያየኋት ትራሴ ላይ ነው። ብርዱ በከፋበት በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ አልጋ ላነጥፍ ትራሱን ሳነሳ፣ ጠግባ መራመድ ያቃታት አንዲት ቀይ ነገር ወደ ስፌቱ ስትገባ አየኋት። ምን እንደሆነች ወዲያው ገብቶኛል። ግን ለራሴ «የምስር ክክ ናት» አልኩት። የምስር ክክ እግር እንደሌለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔ ቤት ትኋን አለ ብሎ ማመን ከዚያ ስለከበደኝ ነው።

በንጽሕና የምኮራ ሴት ነኝ፤ ኩራቴም ዝም አይልም። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው አልጋ ሥር ነው። ያየሁትን ደግሞ ቤቴ ስመለስ ሳልናገር አላድርም። አንዲት ልጅ አለችኝ። ስታድግ ቤት ጠርጋ፣ ወልውላ ስትጨርስ ተከትያት በጣቴ መስኮቱን እየዳበስኩ አቧራ እፈልግ ነበር። ካገኘሁ ጣቴን አሳያታለሁ። ምንም አልልም፤ ጣቴን ብቻ።

ይህች ልጅ ተድራ ዲንሾ ትኖራለች። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ እኔ መጥታ እዚሁ ሮቤ ልትወልድ፣ ከዚያም በወጉ እናቷ ቤት ልትታረስ ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔም አልጋውን ከጓዳ አውጥቼ፣ ፍራሹን አሳድሼ፣ ለአጥሚቱ እህሉን አዘጋጅቼ መጋቢትን እጠብቅ ነበር። ትኋኗን ሳይ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የመጣው የዚያ ያልተወለደ ሕፃን ገላ ነው። ሁለተኛ የመጣው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ነው።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ትኋን አይነክሰውም፤ ስለዚህ ትኋን የለም ባይ ነው። እኔ ክንዴን እያሳየሁት፣ ቀዩ ነጥብ ተሰልፎ እየታየ፣ «ጎመኑ ይሆናል ያልተስማማሽ» ይለኛል። በምሠራበት ቢሮ ውስጥ ደግሞ እጅጌዬን እስከ ጣቴ ስቤ እቀመጣለሁ። ማከክ ሲያምረኝ ፋይል ላመጣ ብዬ እነሳና ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ አካለሁ። ያን ሰሞን እንደኔ ፋይል ያመላለሰ ሠራተኛ አልነበረም።

የባሌ አገር ሰው ብርድ ይፈውሳል ብሎ የሚያምንበት ነገር አለው። ከሳነቴ ደጋ የሚወርደው ውርጭ ድንች ካቃጠለ፣ የገብስ ቡቃያ ካደረቀ፣ ትኋን ምን ቆርጧት ትችለዋለች አልን። ሲመሽ ባለቤቴን እየጎተትኩ ፍራሹንና የአልጋውን ርብራብ ደጅ አወጣን። ጎህ ሲቀድ ልመልሰው ብወጣ ፍራሹ በውርጭ ነጥቶ እንደ ሰሌዳ ደርቋል። ደስ አለኝ። ቀና ስል ግን የጎረቤቴም አልጋ ግድግዳዋን ተደግፎ እንደኛው ነጥቶ ቆሟል።

ጎረቤቴ ከስልጤ የመጣች የልብስ ነጋዴ ናት። የምንኖረው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ቤቱ አንድ ሆኖ መሃሉን የጭቃ ግድግዳ ይከፍለዋል። እሷም ርብራቧን ልታስገባ ወጥታ ኖሮ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ነጋ ቡልቴ?» አለችኝ። እዚህ አገር እንዴት አደርሽ የምንባባለው ባብዛኛው በኦሮምኛ ነው።

«ነጋ። አልጋ አውጥተሽ ነው?»

«ፀሐይ እንዲመታው ብዬ ነው። አንቺስ?»

«እኔም ለፀሐይ ነው» አልኳት።

ፀሐይ ገና አልወጣችም። ሁለታችንም ይህን እያወቅን ተሸክመን ገባን። እኔ በር ዘግቼ ለባለቤቴ ያልኩት «ከእሷ ነው የመጣብን!» የሚል ነበር። እሷም በዚያው ደቂቃ በግድግዳው ማዶ ይህንኑ ትል እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ውርጩ ምንም አላደረጋቸውም። ቤቱ ሲሞቅላቸው እነሱም ነፍስ ዘሩ። እኔም መድኃኒት ፍለጋ ወደ ገበያ ወጣሁ።

ሮቤ የስንዴ ከተማ ናት። ጥር ላይ ምርት ገብቶ ሲከመር የእርሻ መድኃኒት መሸጫዎች በገበሬ ይጨናነቃሉ፤ ሁሉም የሚፈልገው ነቀዝ የሚከላከለውን ዱቄት ነው። ተራዬ ደርሶ ወጣቱ ሻጭ «ምን ልታዘዝ እናቴ?» ሲለኝ «ዱቄት» አልኩት።

«ለስንዴ ነው ለቤት?»

ከኋላዬ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። ከእነሱ መሃል በዓይን የማውቀው የሰፈራችን ሰውም አለ። ለቤት ብል፣ ለምን ሊለኝ ነው። ስለዚህ «ለስንዴ ነው» አልኩት።

«ስንዴው ብዙ ነው?»

«መካከለኛ ነው» አልኩት። በሕይወቴ አንድ ጆንያ ስንዴ አምርቼ አላውቅም።

ልጁ በአካፋ እያገላበጥኩ እንዴት እንደምደባልቀው ጊዜ ወስዶ አስረዳኝ። አጠገቤ የቆሙ የአጋርፋ ገበሬ ደግሞ በትህትና፣ «የእናንተስ አገር አዝመራው እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ዝናቡ መጨረሻ ላይ ትንሽ አስቸግሮን ነበር» አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑልኝ።

ቤት እንደደረስኩ ዱቄቱን እንደ በሶ እየዘገንኩ ነሰነስኩት። ፍራሹ ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ትራሱ ሥር፣ ምንም ቦታ አላስቀረሁም። ባለቤቴ ሲገባ ያስለው ጀመር። መነጽሩን ፈልጎ መያዣው ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። ለእህል ጎተራ እንጂ ለመኝታ ቤት አይሆንም ይላል። ከሕፃናት ይራቅ ይላል። ሦስተኛውን መስመር ሊያነብ ሲል «በቃ» አልኩት። ያ አልጋ ለማን እንደተዘጋጀ ትዝ አለኝ። አፍንጫችንን በሻሽ አስረን፣ መስኮት በርግደን፣ አንሶላውን አጥበን፣ ወለሉን ደጋግመን በውሃ ወልውለን ዱቄቱን ከቤት አወጣን። ፍራሹን ጣልነው። ትኋኖቹ ለተወሰነ ጊዜ ጠፉ፤ ከዚያ ተመለሱ፤ እንዲያውም በርክተው።

ያን ሳምንት ነው ለልጄ ስልክ የደወልኩት። ምን እንደምል ቀድሜ አጥንቻለሁ። «ቤቱን እያሳደስን ነው፤ ቀለሙ ሽታ አለው፤ ለአራስ አይሆንም። አማትሽ ጋ ብትሆኚስ?» አልኳት።

«እሺ እማ» አለች ወዲያው።

እሺታዋ ፈጠነብኝ። ብትከራከረኝ፣ ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ልጄን ከእናቷ ቤት ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ አፌን ሞልቼ የማልጠራው ነፍሳት ነው። አሁን ሳስበው ከትኋኑ ንክሻ ሁሉ ያ ቀን ይብሳል።

ነገሩ የተገለጠው በግድግዳው ነው። አንድ ቀን ከራስጌው በላይ ያለውን ስንጥቅ ስመለከት ነጭ ዱቄት እየረገፈ ወደኔ ይወርዳል። እኔ የኔን ካጠብኩ ቆይቻለሁ። በጣቴ ነካሁት፤ ያው ነው፤ ሽታውም ያው ነው። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት።

«ማነው?» አለች ጎረቤቴ ከማዶ።

«እኔ ነኝ። ይሄ በስንጥቁ የሚፈሰው ዱቄት ምንድነው?»

«የስንዴ ነው» አለች።

«ስንዴሽ የታለ?»

«ያንቺስ?» አለች። «ባለፈው ከእናንተ ወገን ሲረግፍብኝ ጠይቄሻለሁ?»

መሳቅ የጀመርኩት እኔ ልሁን እሷ ትሁን አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፌ ስስቅ በማዶ እሷም ተደግፋ ስትስቅ ጭቃው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ስበትን ትኋኖቹ ወደ እሷ ይሻገራሉ፤ እሷ ስትበትን ወደኔ ይመለሳሉ፤ እኛ እንደብቃቸዋለን፣ እነሱ በሁለት ቤት ይቀለባሉ። ጥቂት ቆይታ በበሩ መጣች። ፊቷ ላይ ሳቅም ድካምም ነበር።

«ወላሂ፣ ሱቅ ስቆም ደንበኛ ፊት እንዳላክ ብዬ ጥፍሬን ሁሉ ቆረጥኩት» አለችኝ። «ማል ጎና? ምን ይሻለናል?»

«አብረን እንሂድ» አልኳት።

ወደዚያው ሱቅ ሄድን። ያው ልጅ ነው ያለው፤ ገበሬውም እንደዚያው ነው። እኔን ሲያይ «እናቴ፣ ስንዴው እንዴት ሆነ?» አለኝ። ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ስንዴ የለኝም» አልኩት። «ቤቴ ትኋን ገብቷል። እሷም ቤት ገብቷል። ለቤት የሚሆነውን ስጠን፤ አራስ ላስገባበት እፈልጋለሁ።»

ሱቁ በሳቅ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። ልጁ ወደ ሌላ መደርደሪያ ዞሮ «ዘንድሮ ቢሮ የሚሠራው ሰው ሁሉ ለስንዴ ነው እያለ ሲገዛኝ ገርሞኝ ነበር» አለ በጨዋ ደንብ። ከኋላችን ከረባት ያሰረ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገና «ለኔም ከእሱው ስጠኝ» አለ። ያን ጊዜ ነው የሳቅነው።

በአንድ ቀን ሁለቱንም ቤት ያዝነው። ባለቤቴ አልጋዎቹን ፈታ፤ ያን ዕለት አንዲት ትኋን ክንዱ ላይ ስትሄድ አይቶ ያለምንም ክርክር አመነ። እኔና ጎረቤቴ ልብስና አንሶላውን ደጅ በበርሜል ቀቀልን። ከሥራው ሁሉ ዱቄቱ ትንሹ ክፍል መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። የሚነፋው በስሱ ነው፤ በርብራቡ መገጣጠሚያ፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በወለሉ ጠርዝ፤ ሰው በሚተኛበት ላይ ግን ፈጽሞ አይደለም። የነፋነውንም እንዳለ እንድንተወው ተነግሮናል። እኔን የፈተነኝ ይህ ነው። ጥግ ላይ ነጭ አቧራ ተቀምጦ እያየሁ መጥረጊያ አለማንሳት! ጎረቤቴ እየመጣች እጄን ትይዘኝ ነበር። ከዚያ ስንጥቁን ከሁለቱም ወገን በጭቃ መርገን ደፈንነው። ትኋኖቹ መልሰው ሲፈለፈሉ ደግመን ነፋን። የካቲት ሲጋመስ ክንዴ ጠራ። ጎረቤቴም አንድ ማለዳ በሩ ላይ ቆማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ብቻ ተመለሰች።

ቤቱን አጥቤ፣ አዲስ ፍራሽ አስገብቼ ከጨረስኩ በኋላ ስልኩን አነሳሁ።

«ልጄ፣ ቤት እያሳደስን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አልኳት። «ትኋን ገብቶብን ነበር። አሁን ጠፍቷል። ነይልኝ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል ስታለቅስ ሰማኋት።

«እማ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ» አለች። «እኛ ቤት ከገባ ቆይቷል። ለመስቀል መጥቼ ሳድር በቦርሳዬ ሳይመጣ አልቀረም። አትምጪ ስትዪኝ እፎይ ነው ያልኩት። ያንን ሁሉ ተሸክሜ አንቺ ቤት እንዴት እገባለሁ ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ላንቺ?» አለች።

መስኮቱን ስዳብስባት የኖረችው ጣቴ ስልኩን ይዛ ነበር፤ አየኋት። ልጄ እርጉዝ ሆና፣ እየተነከሰች፣ እናቷን ፈርታ ነው የከረመችው።

«ስሚኝ» አልኳት። «ከነትኋንሽ ነይ።»

ለቅሶዋ መሃል ሳቀች።

በማግስቱ በሚኒባስ መጣች። ጓዟን ከጎረቤቴ ጋር ቀቀልነው። ባለቤቴ የተረፈውን ዱቄት ይዞ ዲንሾ ወጣና ከአማቹ ጋር የእነሱን ቤት ሲያክሙ ሰነበቱ። መጋቢት ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ያው አልጋ ላይ ታረሰች።

አንድ ጠዋት ሕፃኗን አስተኝታ ወደ ወጥ ቤት መጣች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«እማ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ነክሶኛል መሰለኝ። ትኋን ይሆን?» አለች፤ ዓይኔን እያየች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

«አሳዪኝ» አልኳት። የስልኬን መብራት አብርቼ፣ አልጋው ሥር ሁለታችንም ተንበርክከን እንፈልግ ጀመር።