የማናህሎሽ ረዳት ግሥ

የአየር መንገድ ትኬት ሻጩ የሺጥላ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዳር ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሲጠብቅ ከማናህሎሽ ጋር ድንገት ተገጣጠመ። ምሳ የሚበላበት የሀይ ጀላባ ሰፈሩ ሆቴል ወጥ ሠሪ ናት። ዛሬ ግን ሽርጧን አውልቃ፣ ጎሚስታውን ዳምጠውን በእጅጌው እየጎተተች ነበር።

«እትዬ ማናህሎሽ፣ ምን አጠፋ?»

«ምንም። ፈተና አለብኝ፤ ያለ እሱ አፌ አይከፈትም። ና እስቲ አጅበን።»

ሆቴሉ በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለእንግዳ ማረፊያው ወጥ ሠሪ ይፈልጋል፤ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ካመለጣት ጓዟን ጠቅልላ አገሯ መግባቷ ነው። ጉዱን በመንገድ አጫወተችው። እሷንና ዳምጠውን እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው ጋሽ ተክለማርያም ተማሪውን ለሁለት ከፍለው ያሰልፉ ነበር፤ ረዳት ግሥ ከፊት፣ ዋና ግሥ ከኋላ። ዳምጠው «አይ ዊል» ሲል እሷ ከጀርባው «ኩክ» ትላለች። ስድስት ወር እንዲህ ተጠና። ቦታ ሊያቀያይሯቸው ሲሉ ጋሽ ተክለማርያም ማላካል ከተማ ሥራ አገኙና እብስ አሉ።

«ለብቻሽ ሞክረሽው አታውቂም?»

«ሞክሬ ነበር። ቀሚሴን ረስቼ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።»

የሺጥላ ከድርጅቱ ቢሮ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉን ያያል። ጠያቂዋ ኬንያዊት ለሃምሳ እንግዳ ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት።

«አይ ዊል» አለ ዳምጠው ደረቱን ነፍቶ።

«ኩክ ራይስ» አለች ማናህሎሽ ከኋላው።

ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ሥራ ፈላጊው የትኛችሁ ነው?»

ዘበኛ ተጠርቶ ዳምጠው ተገፍቶ ወጣ። በመስኮት ብቅ እያለ «አይ ዊል!» ሲል፣ እሷም «ቦይል!» ስትል፣ ዘበኛው እያባረረ ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞረው። መስኮቱም ተዘጋ።

ማናህሎሽ ዳምጠው የቆመበትን ባዶ ቦታ አየችው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደችና «አይ ዊል» አለች። ወደ ቦታዋ ተመለሰችና «ኩክ ኤቭሪዴይ» አለች። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ በንግግሯ ሩዙን ቀቀለች፣ ድስቱን አጠበች፣ ሽንኩርቱን ከተፈች። ላብ በላብ ሆነች። ጠያቂዋ አንገቷ እስኪዝል ስታያት ቆይታ እጅ ሰጠች፤ «ሰኞ ጀምሪ።»

ወጥ ቤቱን አሳይተው ሲሸኟት፣ ዳምጠው በር ላይ ሸሚዙን እያራገፈ ጠበቃት። «ስድስት ወር ከፊትሽ ቆሜ፣ እንዲህ ትሸኚኝ!»

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። በል ሂድ፣ ጎማህ ይጠብቅሃል።»

የሺጥላ ቦዳቦዳ ጠራላት። ተፈናጥጣም ፊቷ አልፈታ አለ።

«እትዬ፣ ሥራውን አገኘሽ እኮ! ምን ሆንሽ?»

ሞተሩ ሲነሳ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«የሺዬ፣ ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። የት ቆሜ ላወራ ነው?»