አባቴ ያላወረዳት ድንጋይ

ጀውሃ ላይ ከምግብ ቤቴ አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ይያያዘዋል፤ የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገብቶ ከወጡ ሽታ ጋር ሲደባለቅ እኔ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ድርቅ እላለሁ። ቁርስ የሚበሉት ሾፌሮች ይተያዩና «እትዬ ዘሀራ ደግሞ ሄዱ» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ሄጃለሁ። ሸዋ ሮቢት፣ የጣሊያን ጥጥ መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ያለሁት፣ ገና ጥርሴን እየቀየርኩ ያለሁ ልጅ ነኝ።

ስለ ፊልም መቼም ማንም እንዳይከራከረኝ። አዲስ አበባ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ሲኒማ ሳልገባ ተመልሼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፣ ከቲማቲም ቆርቆሮና ከጭነት መኪና ግንባር ላይ ለቃቅሜ ራሴን በራሴ አስተማርኩ፣ ዛሬ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር እጨርሳለሁ፤ የፊልም ሐያሲዎች የሚጽፉትንማ ሁለቴ ነው የማነበው፣ አንዴ ለማወቅ፣ አንዴ ለመሳቅ። በቀደም አንድ ሾፌር ትቶልኝ በሄደው ጋዜጣ ላይ አንድ ሐያሲ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያነሳቸውን አሮጌ ፊልሞች አይቶ ፍርዱን ሰጥቷል። መንገድ የሚሠሩት ሰዎች ሳቃቸው የውሸት ነው፣ ሊታይ የሚገባው ነገርም የለበትም ብሏል። «ልጄ፣ ግማሹን አግኝተሃል» አልኩት ጋዜጣውን። «እሱንም ቢሆን እናቴ ቀድማሃለች፣ ያውም ፊደል ሳትቆጥር።»

ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ወዲህ ነበር፣ ከፊቱ የማሽላ እርሻ። አባቴ ሰይድ ክረምት ከበጋ ከመሬቱ ጋር የሚታገል፣ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ አሸርጦ የሚውል፣ ሲስቅ ሁለት ዓይኑን ጥርቅም አድርጎ የሚጨፍን ሰው ነበር፤ እናቴ ፋጡማ ታዲያ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እየሳቅክ እሾህ ላይ ትወጣለህ» እያለች ታሾፍበት ነበር። በዚያ በጋ ጣሊያን ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይሰበስብ ጀመር፣ ከደብረ ሲና በታች ያለውን ገደል እየፈለጡ የመኪና መንገድ እንዲያወጡ። አባቴን ከእርሻው ላይ ከነሽርጡ ወሰዱት። እማዬ ጭብጦ ቋጥራ እየሮጠች ስትደርስ መኪናው ተነስቶ ነበር፣ ቋጠሮዋን እንደያዘች አቧራው ውስጥ ቆማ ቀረች። እኔ ግን ጠብ የሚል እንባ አልነበረኝም፣ እንዲያውም አባቴ መኪና ላይ ወጣ ብዬ የጎረቤት ልጆች ላይ ስኩራራ ዋልኩ።

ክረምቱ ገብቶ ሮቢ ሲሞላ፣ ወባው ሰዉን በየጎጆው ሲያንዘፈዝፍ፣ አንድ ከሰዓት ጋሼ ይማም መጣ። ጋሼ ይማም ከአባቴ ጋር አንድ ቀን የተወሰደ ጎረቤታችን ነበር፤ ወገቡ ተጎድቶ አይጠቅምም ተብሎ ተባሮ በምርኩዝ ነው የመጣው። ደጃፍ ላይ ደርሶ መግባት አቃተው።

«ፋጡማ» አላት፣ «ሰይድ ወደ ኣኼራ ሄዷል። ድንጋይ ተናደበት። በእጄ ነው የቀበርኩት፣ ቦታውን አውቀዋለሁ። ዝናሙ ያብቃ እንጂ ወስጄ አሳይሻለሁ።»

በእኛ ሰፈር ልማድ ሩቅ ሞተ የተባለ ሰው ሁለት ምስክር ካልቆመለት አይለቀስለትም፣ ሰደቃ አይወጣለትም፣ ሚስቱም የመበለት ሐዘኗን፣ ዒዳዋን፣ አትቀመጥም። ሰፈሩን የሚዳኙት ሸህ ኡመር ነበሩ፣ ጋሼ ይማምን ጠርተው አዳመጡትና «እውነተኛ ሰው ነህ ይማም፣ ግን አንድ ነህ፣ አንድ ሰው ይሳሳታል። ሁለተኛው እስኪመጣ ሰይድ በሕይወት ነው» ብለው ፈረዱ። እናቴ እንግዲህ ያን ክረምት ሚስትም መበለትም ሳትሆን ከረመች፤ ላልቅስ ስትል «ዝም በይ፣ በሰውዬው ላይ ሟርት ትጠሪያለሽ?» ትባል ነበር፣ ፈገግ ስትል ደግሞ በራሷ ታፍር ነበር። ማታ ማታ የአባቴን ድርሻ ለብቻው ትከድነው ነበር፣ ጠዋት እኔ ከፍቼ እበላው ነበር፣ እሷም ማን በላው ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ዝናሙ አልፎ ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ልጠብቅ ማማ ላይ ወጣሁ። ወንጭፍ ላይ ከወንዶቹም የሚስተካከለኝ አልነበረም፣ ይሄን የማታምኑ አሁንም ወንጭፍ አምጡና እንወራረድ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ነው የጣሊያንን የፊልም መኪና ያየኋት፣ አቧራዋን እያስነሳች፣ ቱክ ቱክ የሚል ሞተር ከኋላዋ እየጎተተች መጣች። አብሯት የመጣ አንድ ቀጭን አስተርጓሚ ነበር፣ ሰዉን ሁሉ ወደ ጥጥ መጋዘኑ አስገባው። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ መስኮቶቹን በጆንያ ወትፈው አጨለሙት፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እየተንጣጣ፣ ሰዉ እንደ ድንች እየተቀቀለ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠሩ።

ከዚያ ውጭ ሞተሩ ተነሳና አንሶላው ላይ ገደል ወጣ። ገደሉን እያየነው ሰዎች ወጡበት፣ ድንጋይ የተሸከሙ፣ ተራ በተራ በፊታችን የሚያልፉ፤ ከመሀላቸው አንዱ ሽርጡ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ወደ እኛ ዞር አለና በሽርጡ ጫፍ ላቡን ጠርጎ ሳቀ።

«አባዬ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ማንም አልቀደመኝም።

መጋዘኑ ተናወጠ። «ሰይድ ነው! ወላሂ ሰይድ ነው!» እናቴ ተነስታ ወደ አንሶላው ስትሄድ ጥላዋ አባቴ ላይ አረፈና ጠፋ፣ ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል ሌላ ሰው ድንጋይ ይዞ ያልፍ ነበር።

ጨርሰን ስንወጣ ሸህ ኡመር ዋርካው ሥር ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀን በፊት ፊልም የሚባል ነገር ያየ ሰው መካከላችን አልነበረም። የጣሊያኑ ሹም መነጽር ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ጉብታው ላይ ሆኖ ማዶ ያለውን ፍየል በቀንዱ ይለየው ነበር።

«ፎቶ ነው እንዳይባል፣ ፎቶ ሲራመድ ማን አየ?» አሉ ሸህ ኡመር። «መነጽራቸው ነው፣ ትልቁ። ደብረ ሲናን ከዚህ ሆነው የሚያዩበት። ሰይድን ስንት ሰው አየ?»

ሁሉም እጁን አወጣ። ሁለት ምስክር ለሚበቃው ጉዳይ ሰፈሩ በሙሉ መሰከረ። ጋሼ ይማም በምርኩዙ ተደግፎ ከዳር ቆሞ ነበር።

«ይማም፣ ማንን ነው የቀበርከው?»

«ሰይድን።»

«ሰይድማ ይኸው ይሄዳል!»

«ሸህ» አላቸው ዝግ ብሎ፣ «እናንተ በዓይናችሁ አያችሁት። እኔ በእጄ አፈር አለበስኩት። የትኛው ነው የሚያታልለው?»

ሳቁበት። ይባስ ብዬ እኔ፣ ነገር መፍጠር ድሮም የማይቸግረኝ፣ «በቁም ቀባሪ» የሚል ስም አወጣሁለት፤ ልጆቹ በምርኩዙ ምት ልክ እየተከተሉ «በቁም! ቀባሪ! በቁም! ቀባሪ!» ይሉት ነበር። ማሽላው ሳይታጨድ ምርኩዙን ይዞ አሊዩ አምባ ዘመዶቹ ጋ ሄደ። የሰፈሩ የመጀመሪያዋ የፊልም ሐያሲ እኔ ነኝ ብዬ ስኩራራ ይሄን ደስ እያለኝ አልጨምረውም፣ ግን ልጨምረው።

እናቴ ያን በጋ ሰው ሆነች። ማልዳ ተነስታ ፊቷን ወደ ደብረ ሲና ተራራ አዙራ ነጠላዋን ታውለበልብ ነበር፣ «ዛሬ መነጽሩን ወዲህ ካዞሩት ያየኛል» እያለች። ሽርጡ መቀደዱ ከንክኗት ጥጥ ፈትላ፣ አሠርታ፣ ጥለቱን በአረንጓዴ አስደርጋ አዲስ ሽርጥ አዘጋጀች፣ የአስተርጓሚው መኪና ሲያልፍ መንገድ ላይ ቆማ አስቆመችውና «ሰይድ ለሚባለው፣ ሲስቅ ዓይኑን ለሚጨፍነው» ብላ ሰጠችው። አስተርጓሚው አየት አደረጋትና ተቀበላት።

በልግ ሊጥል ሲያጉረመርም ያቺ መኪና ተመልሳ መጣች። አሁን ማንም መጠራት አላስፈለገውም፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሽቀዳደመ፣ እናቴን ከፊት አስቀመጧት፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ነበር። ሞተሩ ተነሳ፣ ገደሉ መጣ፣ ሰዎቹ መጡ፣ አባቴም መጣ።

«ያችው ድንጋይ ናት!» አለ አንዱ ከኋላ። «እስካሁን አላወረዳትም እንዴ?»

«ሰነፍ! አንድ ድንጋይ ይዞ ከመኸር እስከ በልግ!» አለ ሌላው፣ መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

እናቴ አልሳቀችም። አባቴ ዞር አለ፣ በዚያው በተቀደደው ሽርጥ ጫፍ፣ በዚያው እጁ፣ ላቡን ጠረገ።

«ሽርጡን አልሰጠኸውም?» አለች ወደ አስተርጓሚው ዞራ። አንገቱን ደፋ። «አንተ ልጅ፣ ሽርጡን አልሰጠኸውም ወይ እልሃለሁ?»

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊት ወደ ኋላ ጠፋ። አስተርጓሚው ወጥቶ ከመኪናው ሽርጡን ይዞ ተመለሰ፣ እንደታጠፈ ነበር፣ አረንጓዴው ጥለት አቧራ እንኳ አልነካውም።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አምና በጋ የተነሳ ነው። መነጽር አይደለም። ዛሬም ይታያል፣ ነገም ይታያል፣ ሰዎቹ ቢኖሩም ባይኖሩም። ላይ ወጥቼ በስሙ ጠይቄ ነበር…» አለና ቀሪውን ዋጠው።

እናቴ ሽርጡን ታቅፋ ወደ አንሶላው ዞረች። «ድገመው» አለችው። ምን እንዳለ አላውቅም፣ ለባለ ሞተሩ በጣሊያንኛ የሆነ ነገር አለውና ደገሙት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

«ይሄ የሰይድ ሳቅ አይደለም» አለች። «ሰይድ ሲስቅ ዓይኑን ይጨፍናል። ይሄ ዓይኑ ፈጧል። ‹ሳቅ!› ብለው አዝዘውት ነው። ባሌ ፈርቶ ነው የሳቀው፣ እኔ ደግሞ ደስ ብሎት ነው ብዬ ከረምኩ።»

ሸህ ኡመር ጆንያቸው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በነጋታው እኔና እማዬ ተነሳን፣ ጋሼ ይማምን ፍለጋ። ሁለት ቀን ተጓዝን፣ እግሬ ቆስሎ እንኳ ተሸከሚኝ አላልኳትም፤ መንገዱን ሙሉ በልቤ ይቅርታ አጠና ነበር፣ «ጋሼ ይማም፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ልለው። አሊዩ አምባ ደርሰን የዘመዱን ቤት አገኘን፣ አንዲት ሴት በር ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር። ይማም በበጋው በወባ መሞቱን ነገረችን።

እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። «የሰይድን መቃብር… ቦታውን ለሰው ነግሮ ነበር?»

«እስኪሞት ድረስ ቀብሬዋለሁ ቀብሬዋለሁ እንዳለ ነው» አለች ሴትዮዋ። «የት ነው ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። የማያምኑትን ሰው ቦታ ማን ይጠይቀዋል?»

እናቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ አሊዩ አምባ ላይ፣ በሰው ደጅ፣ ሁለቱንም በአንድ እንባ። ተመልሰን ዒዳዋን ተቀመጠች፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ያቺን ሽርጥ ፊቷ ዘርግታ። ሸህ ኡመር ለአባቴ ሰደቃ ሲያወጡ ለጋሼ ይማምም አብረው አወጡ፣ ከዚያ በኋላ ሰው መሀል ፍርድ ሲሰጡ አላየሁም።

ይሄው ዛሬ ያ መንገድ የኔ መንገድ ሆኗል። ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ ስሄድ መኪናው ደብረ ሲና ገደል ላይ ሲጠማዘዝ በየኩርባው ለአባቴ ነፍስ ፋቲሃ እቀራለሁ፣ ከየትኛው ኩርባ ሥር እንዳለ አላውቅማ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ ሾፌር «እትዬ፣ መኪና ያዞርዎታል እንዴ?» ይለኛል። «አዎ» እለዋለሁ፣ «ይሄ ቦታ ያዞረኛል።»

ያኔ እኛ አንሶላ ላይ የተራመደውን ሁሉ ሕያው ነው ብለን አመንን። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሲኒማ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው ሰው ሲሞት «የምር አይደለም እኮ፣ እትዬ» እያሉ ያጽናኑኛል። ያም ሐያሲ እንደነሱ ነው፣ የሳቁን ውሸት አየና ፊልሙን ዘጋው። አልፈርድበትም፣ ተምሮ ነው። ግን ዳር ላይ፣ ሽርጡ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ አንድ ሰው አለ። አሁን በዕድሜ እበልጠዋለሁ፣ ብንገናኝ እትዬ ሳይለኝ አይቀርም። እነዚያን ፊልሞች ካስቀመጡበት አውጥተው አንድ ቀን ቢያሳዩኝ አልጮህም፣ ሰውም አልረብሽም፤ ያቺ ድንጋይ ስትመጣ ብቻ ቀስ ብዬ «አባዬ፣ በቃ፣ አውርዳት» እለዋለሁ።