ከሱሉልታ በላይ ያሰርኳቸው ሰባት ቀይ ክሮች

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሰበታ

በየበጋው ባሌ ወርጄ ትራውት አጠምዳለሁ። ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ፣ የቀዝቃዛ ተራራ ወንዝ ዓሣ ነው። የማጠምደው በትል አይደለም፤ ከዶሮ ላባ ራሴ በሠራሁት ዝንብ ነው። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ አገር ከእኔ የሚበልጥ የለም፤ ካለም አልተዋወቅንም።

ዘንድሮ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ሰበብ አገር ተረብሿል፤ የባሌ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። አንድ የወተት መኪና ሹፌር ግን «ከሱሉልታ በላይ ያለው ወንዝ ውስጥ ነጠብጣብ ዓሣ አይቻለሁ» አለኝ። ትራውት በደጄ! ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ ዘንጌን አነሳሁ።

«ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ጊዜ?» አለች ሚስቴ።

«ዓሣው መች ሰልፍ ወጣ?» አልኳት።

አራት ሰዓት፣ ወንዙ ዳር

ከአዲሱ ገበያ የተነሳው ታክሲ ግማሹ ባዶ ነበር። ሱሉልታ ላይ ሽሮ በሃያ ብር በላሁና ከአስፋልቱ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፤ ውሃው ጠጠሩን ያሳያል።

እኔ ደግሞ የራሴ ዘዴ አለኝ። ዳሩን በእርምጃ እለካለሁ፣ ጥልቀቱን በዘንግ አይቼ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ጥሩ ገንዳ፣ ማለትም ዓሣ የሚያርፍበት ጥልቅ ውሃ፣ ሳገኝ ቁጥቋጦው ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ሰባት አሰርኩ። ስምንተኛውን ሳወጣ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ኩኒ ማሊ? ምንድነው ይሄ?»

ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ፤ የቆምኩበት መሬት የሳቸው ነው። ከኋላቸው ሦስት ጎረቤቶቻቸው አሉ።

«ዓሣ እያጠመድኩ ነው አባቴ።»

«ዓሣ በደብተር ነው እንዴ የሚያዘው?» ክሩን በዱላቸው ነኩት። «የወንድሜ መሬት ላይም መጀመሪያ እንዲህ ያለ ቀይ ጨርቅ ነበር የታሰረው። ከዚያ ቀያሽ መጣ። ከዚያ ግንብ። ዛሬ ወንድሜ እዚያው ግንብ በር ላይ ዘበኛ ነው።»

ደብተሬን ዘጋሁ። «አንቱ፣ እኔ ቀያሽ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ያዝና አሳየን!»

ዘንጌን ወረወርኩ። የመንጠቆው ክር ከሣር ክምሩ ጋር ተጣላ። ደገምኩ፤ ምንም። ከጎረቤቶቹ አንዱ «ውሃውን እየገረፈው ነው» አለ። ላቤ በአንገቴ ወረደ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ዝንቧ ገብታ ጠፋች፤ ሳብኩ። የጣቴ እኩያ፣ አንድ ነጠብጣብ እንኳ የሌለው ዓሣ! ትራውትማ አልነበረም።

«ቁርጡሚ!» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፤ ዓሣ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። «ቀያሽማ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ሥራውን ያውቅ ነበር።»

የለካሁትን የጻፍኩበትን የደብተሬን ገጽ ራሴ ቀድጄ ሰጠኋቸው። ክሮቹንም እየዞርኩ ፈታሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ አስፋልቱ ላይ

ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተዋል። ኦቦ ቶሎሳ እስከዚያ ሸኝተውኝ በኦሮምኛ አናገሯቸው። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ አሳለፉኝ።

«ምን አሏቸው?»

«ዓሣ አጥማጅ ነው፣ እሱንም አይችልበትም አልኳቸው።»

እንዲህ ያዳነኝ ስድብ ገጥሞኝ አያውቅም።

ማታ፣ ሰበታ

«ትራውቱስ?» አለች ሚስቴ። ኪሴን ገለበጥኩ፤ ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ስድስት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ፤ ስድስት።

ሰባተኛዋ እዚያው ቁጥቋጦ ላይ ቀርታለች፤ ለእኔ የጥሩ ገንዳ ምልክት ናት። ኦቦ ቶሎሳ ግን ነገ ከብት ሲያጠጡ ቢያዩዋት፣ ያ ሁሉ ሳቅ ውሸት ነበር ይላሉ። በሰው መሬት ላይ የማስቀምጠው ምልክት ለባለቤቱ ምን እንደሚነግረው በዚህ ዕድሜዬ ገና መማሬ ነው።

ሲነጋ ሱሉልታ ነበርኩ። ዘንግ አልያዝኩም፤ ደብተርም የለም። ቁጥቋጦው ጋ ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ክሯን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆመዋል። ከሩቅ አይተውኝ እስክደርስ ጠበቁኝ። ባዶ እጄን አየት አደረጉና ክሯን ዘረጉልኝ።

«እኔ እኮ አትመጣም ብዬ ነበር» አሉ።