የክብሪቱ ጠባሳ

የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቀውን የልዑል እግዚአብሔርን ስም አስቀድሜ እጽፋለሁ። ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ነፋስ ስልክ ስንኖር ነው። ዕድሜዬ ገፍቶ ብዙ ረስቻለሁ፤ ይህን ግን የልጄ ከንፈር አያስረሳኝም።

ልጄ ሰብለ የሰባት ዓመት ሳለች ንብ ነደፋትና ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተሸፈነ። የሰፈራችን ክሊኒክ ነርስ ሲስተር አስካለ መርፌ ወግታ ካዳነቻት በኋላ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«መሪጌታ፣ ይህች ልጅ ዳግመኛ ከተነደፈች ጉሮሮዋ ሊዘጋ ይችላል። መምህራኗ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይወቁ። አንድ ሰዓት ያስፈቅዱልኝና እኔው መጥቼ ላስተምራቸው» አለችኝ።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ቀረብሁ። ከወረቀቱ ቀና ሳይል አደመጠኝ።

«የመምህራኑ ትርፍ ሰዓት ለውይይት ክበብ ተይዟል።»

«አንዲት ሰዓት ብቻ ናት፣ ጌታዬ።»

«ጌታ የሚባል ቀርቷል፤ ጓድ ይበሉኝ። ደግሞስ ለንብ ስብሰባ ይጠራል እንዴ? እርስዎ ዘንድ ጸበል ጠፋ?»

አጠገቡ የነበሩት መምህራን ሳቁ። ሲስተር አስካለ «ስለ ልጅ ሲባል ይመለሱና ይለምኑት» ብትለኝ እንቢ አልሁ። ስንት ደቀ መዝሙር ያስተማርሁ ሰው ለዚያ ወንበር ሁለት ጊዜ አልሰግድም አልሁ።

በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ስትጫወት ንብ አንገቷን ነደፋት። ወድቃ መተንፈስ ሲያቅታት መምህራኑ ከበቧት። አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው» አለ። ከዚያም ክብሪት ጭረው ጭሱን ከአፍንጫዋ ሥር ያዙ። ትንፋሽ ላጣች ልጅ ጭስ! ስትንፈራገጥ «ያዟት፣ ሊለቃት ነው» ይባባሉ ነበር አሉ። አንዱ እንጨት ሲያልቅ ሌላ ጫሩ፤ እሳቱም ከንፈሯን አቃጠላት።

ያዳናት ዘበኛው አቶ ደበላ ነው። የላፍቶ ገበሬ ነውና ቀፎ አለው፤ ንብ ያውቃል። ገፍቷቸው ገባና «ኧረ እናንተ ሰዎች! መንደፊያው አንገቷ ላይ ተሰክቶ አታዩም?» ብሎ ጮኸ፤ አቅፏትም ወደ ክሊኒኩ ሮጠ። እኔ ስደርስ ሲስተር አስካለ መርፌውን ወግታት፣ ልጄ ነፍስ ዘርታ አገኘኋት።

ዓመት ሙሉ የታጣው ሰዓት በሦስት ቀን ተገኘ! ሲስተር አስካለ በመምህራኑ ፊት ቆማ «ምንም አታሽትቱ፣ ምንም አታጠጡ፣ ወደ መርፌው ሩጡ» ስትል ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ርእሰ መምህሩ ደብተር ይዞ ይጽፍ ነበር። እጁን አውጥቶ «ክብሪቱስ ጨርሶ ይቅር?» ብሎ ጠየቃት። በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም።

ሰብለ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ንቡ የነደፋት ቦታ አይታወቅም፤ የክብሪቱ ጠባሳ ግን ከላይኛው ከንፈሯ አልጠፋም። ያን ርእሰ መምህር ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ጸልያለሁ፤ ልጄ ፈገግ ባለች ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከእርሱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ሁለተኛ ጊዜ ያላንኳኳሁት በር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ልጅህ ተመልሰህ የምትለምንበትን፣ እኔ ያጣሁትን ትሕትና እግዚአብሔር ይስጥህ። ከቤትህ የወጡትን ሁሉ በሰላም ይመልስልህ።